ከአሮጌ ግቢ ያዳንኳት ጽጌረዳ ስሟ ማን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሮጌ ግቢ ውስጥ ማንም ሳያጠጣት፣ ማንም ሳይገርዛት ዓመታት የኖረች ጽጌረዳ አገኛችሁ። ወስዳችሁ ተከላችኋት። አሁን ስሟን ማወቅ ትፈልጋላችሁ። እኔም እንደዚህ ከዳነች አንዲት ጽጌረዳ ጋር ስድስት ዓመት ስለኖርኩ ጉጉታችሁ በደንብ ይገባኛል። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግቢው ሊፈርስ ነው። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ፈቃድ ጠይቁ። ቤቱ ባዶ ቢሆንም ባለቤት አለው።

ከዚያ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡና በቆመችበት ፎቶ አንሷት። ቁመቷ ስንት ነው? አጥር ላይ ተንጠላጥላለች ወይስ ራሷን ችላ ቆማለች? ፀሐይ ታገኛለች? ዙሪያዋን ከሥሯ የፈለቁ ልጆች አሏት? ይሄ ሁሉ ስትነቀል አብሮ የሚጠፋ መረጃ ነው። አዲስ ቦታ የተተከለች ጽጌረዳ ለሁለት ለሦስት ዓመት እውነተኛ ቁመናዋን አታሳይም። አሮጌው ግድግዳ ሥር ግን ከነሙሉ ጠባይዋ ቆማለች።

ሥሯ አካባቢ አፈሩንም በእጃችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉ። አንዳንዴ የዛገ የስም ምልክት ተቀብሮ ይገኛል። ጎረቤት ካለም ቤቱ መቼ እንደተሠራና አበባ የሚወደው ሰው ማን እንደነበር ጠይቁ።

ነቅዬ ልውሰዳት ወይስ ቆርጬ ልትከል?

የምትችሉ ከሆነ ሁለቱንም። የተነቀለችው ልትሞት ትችላለች፤ የተቆረጠው ላይዝ ይችላል። ሁለቱንም ካደረጋችሁ ግን አንዱ ሳይተርፍ አይቀርም።

ለመቁረጥ የሚመረጠው በቅርቡ አብቦ አበባው የረገፈለት ቅርንጫፍ ነው። እርሳስ የሚያህል ውፍረት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። የታችኛውን ቅጠል አንሱና ላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ ተዉለት። ግማሹን እርጥበት ባለው ልል አፈር ውስጥ ሰክታችሁ፣ ቂጡ የተቆረጠ የውሃ ላስቲክ ድፉበትና ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ አስቀምጡት። ሥር አውጥቶ እንደሆነ ለማየት እየነቀሉ መፈተሽ የለም! እሱ ብዙ ችግኝ ገድሏል። ቢያንስ አሥር ቁረጡ፤ ሦስቱ ከያዙላችሁ ጥሩ ነው።

ጽጌረዳዎች በወገን በወገን ይከፈላሉ፤ ቻይናና ቲ የተባሉት ወገኖች እንዲህ ሲተከሉ ቶሎ ይይዛሉ። ጋሊካ የተባለችው የጥንት የአውሮፓ ወገን ግን አስቸጋሪ ናት። ለእሷ ቀላሉ መንገድ ከሥሯ የፈለቀውን ልጅ ከነሥሩ ቆፍሮ መውሰድ ነው።

የምትነቅሉ ከሆነ ተክሏ እንቅልፍ ላይ ባለችበት ወይም አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነበት ወቅት አድርጉት። ከያዙት ችግኞች አንዱን ደግሞ ሌላ ቦታ ለሚኖር ሰው ስጡ። አንድ ቦታ ብቻ ያለች ጽጌረዳ አንድ ክፉ ቀን ይበቃታል።

ግን በእርግጥ “የጥንት” ጽጌረዳ ናት?

የጽጌረዳ ሰዎች መስመሩን የሚያሰምሩት 1867 ላይ ነው። ፈረንሳዊው የጽጌረዳ አዳቃይ ጊዮ ‘ላ ፍራንስ’ የተባለችውን ያወጣው ያን ዓመት ነው፤ እሷም የዘመናዊዎቹ የሃይብሪድ ቲ ጽጌረዳዎች መነሻ ተብላ ትቆጠራለች። ከዚያ በፊት የነበሩት ወገኖች የጥንት ይባላሉ። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው የወገኑ ዕድሜ እንጂ የእናንተ ተክል ዕድሜ አይደለም። ከ1867 በኋላ የወጣች ቡርቦን የተባለው ወገን ጽጌረዳ ወገኗ የጥንት ስለሆነ የጥንት ናት። ሰማንያ ዓመት የሞላት ሃይብሪድ ቲ ግን፣ ብታረጅም ዘመናዊ ናት።

ቀለም እዚህ ጋ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። አበባዋ ትልቅ፣ ደማቅ ቢጫ ሆና ደጋግማ የምታብብ ከሆነ ከ1900 በፊት የመሆን ዕድሏ ጠባብ ነው። ያን ቀለም ወደ ዘመናዊ ጽጌረዳዎች ያስገባው ፐርኔ ዱሼ የተባለ አዳቃይ በ1900 ባወጣት ‘ሶሌይ ዶር’ በኩል ነው። ለስላሳ ቢጫና የክሬም ቀለም ግን በቲ ወገኖች ላይ ከዚያ በፊትም ነበር። እሳት የመሰለ ብርቱካናማ ቀይ ደግሞ ደጋግመው በሚያብቡት ላይ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀለም ነው። ቢጫ ሆና ጫፏ ሮዝ የሚነካካት፣ አበባዋ መዳፍ የሚሞላ ከሆነች በ1945 ገበያ የወጣችው ‘ፒስ’ መሆን አለመሆኗን ቀድማችሁ አጣሩ። እሷ ያልገባችበት ግቢ ጥቂት ነው።

ዘመናዊ ሆና ብትገኝም አትዘኑ። ገበያ ላይ ከጠፉት ውስጥ ብዙዎቹ የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ልጆች ናቸው። እነሱንም ማዳን ያስፈልጋል።

ጥቁር ቀይ ናት፣ በዓመት አንዴ ብቻ ታብባለች። ምን ትሆን?

ይሄን ጥያቄ ስሰማ መጀመሪያ የማስበው ‘ዶክተር ሂዩይ’ን ነው። ብዙ ጽጌረዳ የሚሸጠው በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተቀጥሎ ነው። ላይ ያለችው ቆንጆ በብርድ ወይም በድርቅ ትሞትና ከታች ያለው ሥር ራሱ አቆጥቁጦ ግቢውን ይወርሳል። ባለቤቱ “ጽጌረዳዬ ቀለም ቀየረች” ይላል። ጽጌረዳዋ ግን ሞታለች፤ አሁን የሚያየው ተሸካሚዋን ነው።

‘ዶክተር ሂዩይ’ በ1920 ገበያ የወጣች፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ለተሸካሚነት በብዛት ያገለገለች ናት። ጥቁር ቀይ፣ የአበባ ቅጠሏ ብዙ ያልሆነ፣ መሃሏ ላይ ቢጫ ክሮች የሚታዩ፣ ረጅም ቅርንጫፏ የሚንጠለጠል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የዱሯ ካኒና ለዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ አገልግላለች፤ አበባዋ አምስት ቅጠል ብቻ፣ ፈዛዛ ሮዝ ወይም ነጭ ነው። ትናንሽ ነጭ አበቦችን በዘለላ የምትይዝ ከሆነ ሙልቲፍሎራ የተባለችውን ሌላ ተሸካሚ ጠርጥሩ።

ሙልቲፍሎራን ለመለየት አበባ እንኳ መጠበቅ አያስፈልግም። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተጠግታችሁ እዩ። የቅጠሉ እጀታ ሥር ግራና ቀኝ የተለጠፉ ሁለት ክንፍ መሰል ነገሮች አሉ። የሙልቲፍሎራ ክንፎች ጫፋቸው እንደ ጋቢ ዘርፍ የተተለተለ ነው። አንዴ ካያችሁት በኋላ አትረሱትም።

ለመለየት ምን ምኗን ልይ?

ብዙ ሰው አበባዋን ብቻ ያያል። አበባው ደግሞ በጣም የሚያሳስተው ክፍል ነው። ሮዝ ቀለም ያላት፣ የአበባ ቅጠሏ ብዙ፣ ሽታዋ ደስ የሚል ጽጌረዳ በብዙ መቶ ትቆጠራለች።

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ ያዙ። በዓመት አንዴ ናት የምታብበው ወይስ ደጋግማ? ትልቁ መለያ ይሄ ነው። የጥንቶቹ የአውሮፓ ወገኖች፣ ማለትም ጋሊካ፣ አልባ፣ ሴንቲፎሊያ፣ እንዲሁም አብዛኞቹ ሞሶችና ዳማስኮች አንዴ ብቻ ያብባሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ እንደ ‘ኦልድ ብላሽ’ ያሉት የቻይና ጽጌረዳዎች አውሮፓ ሲደርሱ ደጋግሞ የማበብ ጠባይ ይዘው መጡ፤ ቡርቦን፣ ኑዋዜትና ቲ የተወለዱት ከእነሱ ደም ነው። ብርድ በማይገባበት አገር ያላችሁ ደግሞ አስተውሉ፤ ጋሊካና ዘመዶቿ የብርድ ወቅት ስለሚፈልጉ ሳያብቡ ሊከርሙ ይችላሉ።

በየትኛው ወር ማበቧም ስም ያወጣል። እውነተኛዋ የሙስክ ጽጌረዳ እንግሊዝ ውስጥ ጠፋች ተብላ ነበር፤ በስሟ የምትሸጠው ሌላ፣ ቀደም ብላ የምታብብ የሂማላያ ዘመዷ ነበረች። የድሮ መጻሕፍት ሙስክ የምታብበው በጋው ሊያልቅ ሲል ነው ይሉ ስለነበር ግሬሃም ቶማስ የተባለው የጽጌረዳ ሊቅ ነገሩ አልዋጥለት አለ። በመጨረሻ ኤድዋርድ ቦልስ የተባለ አትክልተኛ በኖረበት ግቢ ውስጥ አገኛት። የአበባ ወርን የመዘገበ ሰው ባይኖር ኖሮ ማንም ባልፈለጋት ነበር።

ከዚያ እንቡጡን ያዙ። አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች አቅፈውታል። የብዙ ጽጌረዳዎችን አምስቱን አንድ በአንድ ብታዩ ሁለቱ ግራና ቀኝ ጢም አላቸው፣ ሁለቱ ጢም የላቸውም፣ አንዱ በአንድ ጎኑ ብቻ ጢም አለው። እንቡጡ ላይ ሲደራረቡ የተሸፈነው ጠርዝ ጢም አያወጣም፤ የተገለጠው ያወጣል። ጢሙ ረጅምና የተንዠረገገ ነው ወይስ አጭር? በቻይና ወገኖች ላይ ብዙ ጊዜ አምስቱም ልሙጥ ናቸው። እንቡጡን ስትነኩት ደግሞ ጣታችሁ ላይ ሙጫ ነገር ቀርቶ ጥድ ጥድ የሚል ሽታ ከሰጣችሁ፣ አረንጓዴ ፀጉርም ከሸፈነው፣ ሞስ የተባለው ወገን ውስጥ ናችሁ።

ቅጠሉ ብዙ ይናገራል። ወደ ግራጫ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ረጅም ተክል፣ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ አበባ ሲገናኙ አልባን ያስጠረጥራሉ። ሻካራ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ አጭር ቁጥቋጦ፣ ግንዱ ላይ እንደ ብሩሽ የበዛ ቀጭን እሾህ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያይ አበባ፣ ጋሊካ። ከክብደቱ የተነሳ አንገቱን የደፋ፣ ቅጠሉ ተቆጥሮ የማያልቅ አበባ፣ ሴንቲፎሊያ። ለስላሳ የሚያብረቀርቅ ቅጠል፣ ገና ሲወጣ ቀላ የሚል፣ ቻይና ወይም ቲ። እነዚህ አካሄድ ጠቋሚ ናቸው እንጂ ፍርድ አይደሉም፤ ጽጌረዳዎች እርስ በርስ ተዳቅለዋል።

እሾሁ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ጥፍር የታጠፈ? ጨርሶ ከሌላትና አበባዋ ደማቅ ሮዝ ከሆነ በ1868 የወጣችው ‘ዚፈሪን ድሩዋን’ ልትሆን ትችላለች።

እባካችሁ የጠወለገውን አበባ ሁሉ አትቁረጡ። ጥቂቱን ለፍሬ ተዉት። ክብ ነው፣ እንደ እንቁላል ነው፣ ወይስ እንደ ጠርሙስ የረዘመ? ፍሬ አለመያዟም መረጃ ነው።

ሽታውን ጠዋት፣ ጤዛው ደረቅ ሲል አሽትቱ፤ ቀትር ላይ ይጠፋል። የሙስክ ሽታ ከአበባው ቅጠል ይልቅ መሃል ካሉት ክሮች ስለሚወጣ ርቆ በአየር ይመጣል፤ አፍንጫ ቢያስጠጉበት ግን የተጠበቀውን ያህል አይሆንም።

አንድ ተክል ላይ ሁለት ዓይነት አበባ አየሁ። ሁለት ጽጌረዳ ናቸው?

ምናልባት። ሥሩን ተከትላችሁ ከአንድ ቦታ መውጣታቸውን አረጋግጡ። ግን ጽጌረዳ አንዳንዴ አንድ ቅርንጫፏ በድንገት ይለወጣል። ‘ሮዛ ሙንዲ’ የተባለችው ባለ መስመር ጋሊካ የወጣችው ከአንድ ወጥ ሮዝ ጋሊካ እንዲህ ነው፤ አሁንም አንዳንድ ቅርንጫፏ ወደ እናቱ ይመለሳል። ‘ሙታቢሊስ’ ደግሞ ተፈጥሮዋ ነው፤ ቢጫ ሆና ትከፈታለች፣ ሮዝ ትሆናለች፣ ቀልታ ትረግፋለች።

አልገረዝኳትም፤ ተዝረክርካለች። ልግረዛት?

የመጀመሪያው ዓመት የሞተውን እንጨት ብቻ አንሱ። አንዴ የምታብብ ጽጌረዳ በአብዛኛው የምታብበው ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ነው። እሱን ከቆረጣችሁ የዓመቱን አበባ ቆረጣችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት “ላሳምራት” ብዬ ጉልበቴ ድረስ ገረዝኳት፤ አንድ ሙሉ ዓመት ያለ አበባ ቅጠል ሳይ ከረምኩ።

ፎቶ ላይ ምን ይታይ?

አንድ ቆንጆ ፎቶ ልኮ “ይህቺ ማን ናት?” የሚል ሰውን ማንም ሊረዳው አይችልም። እንቡጡ፣ ገና የተከፈተው፣ ያረጀው፣ አበባው ከጎንና ከጀርባ፣ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበት፣ እሾሁ፣ ፍሬው፣ ሙሉ ተክሉ። አጠገቧ ማስመሪያ አድርጉ። ደመናማ ቀን ምረጡና ነጭ ወረቀት ፍሬሙ ውስጥ ይግባ፤ ቀለሙ ምን ያህል እንደተዛባ የሚታወቀው በወረቀቱ ነው። ቀኑን መጻፍ አትርሱ።

የስልክ አፕ ስሟን ነግሮኛል። ልመነው?

ጽጌረዳ መሆኗን ከነገራችሁ እመኑት። የዝርያ ስም ከነገራችሁ ግን እንደ ጥቆማ ብቻ ያዙት። አፑ የሚያውቀው ፎቶዋ በብዛት የተለጠፈውን ነው፤ የእናንተ ደግሞ ፎቶዋ የሌለ ልትሆን ትችላለች። እንቡጡን አልዳሰሰም፣ አላሸተተም፣ ዓመት አልጠበቀም።

የዲኤንኤ ምርመራስ?

ቴክኖሎጂው አለ፤ ግን ምርመራው የሚሠራው በማወዳደር ነው። ስሟ በእርግጠኝነት ከታወቀ ተክል የተወሰደ ናሙና ከሌለ የእናንተ ውጤት የሚነጻጸርበት የለም። የተነጻጸረው ናሙና ስሙ ተሳስቶ የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ ስህተቱን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሌላም አለ፤ በድንገተኛ የቅርንጫፍ ለውጥ የወጣችና እናቷ በተለመደው ምርመራ አንድ ሆነው ነው የሚታዩት። ‘ሮዛ ሙንዲ’ን ከእናቷ የሚለየው ዓይን ነው። ወላጆቿን ለመጠርጠር፣ ወይም ሁለት ቦታ የተገኙ ጽጌረዳዎች አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ግን በጣም ይረዳል።

“አያቴ ናት የተከለቻት” አሉኝ። ይሄ ማስረጃ ነው?

ነው፤ ግን ብቻውን አይቆምም። የሰው ትዝታ አበባን ከአበባ ይቀላቅላል፤ አያት የተከሉት ሞቶ እናት በቦታው ሌላ ተክለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወሬውን ከሚጻፍ ነገር ጋር አያይዙት፦ የቆየ የቤተሰብ ፎቶ ጀርባው ላይ ዓመት ያለው፣ ደብዳቤ፣ የግዢ ወረቀት። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ቱምስቶን ከተማ ያለችው ባንክሲያ የተባለችው ግዙፍ ነጭ ጽጌረዳ ከስኮትላንድ ከተላከ ቁራጭ በ1885 መተከሏ የሚታወቀው ታሪኳ ስለተያዘላት ነው። ወሬ የሚነግራችሁን ሰው ድምፅ ቅዱ። ሰውየውም እንደ ጽጌረዳዋ ነገ ላይኖር ይችላል።

ከምን ጋር ላወዳድራት?

ከሕያው ተክል ጋር የሚተካከል የለም። ጀርመን ዛንገርሃውዘን ያለው የጽጌረዳ ግቢ በ1903 የተከፈተ ሲሆን ከ8,000 በላይ ዝርያ ይዟል፤ ፓሪስ አጠገብ ባለችው ላ-ኢ-ሌ-ሮዝ ከተማም ትልቅ ስብስብ አለ። መሄድ ለማይችል ሄልፕ ሚ ፋይንድ የተባለው የመረጃ ቋት ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ፎቶዎች አሉት። በድሮ ሥዕሎች፣ ለምሳሌ ከ1817 እስከ 1824 በወጡት የአበባ ሠዓሊው የሬዱቴ ሥዕሎች፣ እኔ ከቀለሙ ይልቅ የእንቡጡንና የእሾሁን አሳሳል ነው የማምነው። ቀለም በእርጅና ይለወጣል፤ እሾህ አይለወጥም።

ስሟ እስኪታወቅ ምን ብዬ ልጥራት?

የተገኘችበትን ቦታ ስም ስጧት። ይሄ የቆየ አሠራር ነው። የተረጋገጠ የዝርያ ስም በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ፣ ጊዜያዊ ስም በድርብ ይጻፋል፤ የሚያውቅ ሰው ምልክቱን አይቶ “አሃ፣ ገና አልታወቀችም” ይላል። ቤርሙዳ ውስጥ “የምስጢር ጽጌረዳዎች” እየተባሉ ለዓመታት እንዲህ በቦታና በሰው ስም ሲጠሩ የኖሩ አሉ፤ “ስሚዝስ ፓሪሽ” አንዷ ናት።

እርግጠኛ የሆናችሁበት ስም ካልሆነ በቀር ስም አትለጥፉ። ይሄን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። የእኔዋ ፈዛዛ ሮዝ ናት፣ ቅጠሏ ግራጫ ይመስላል። በሁለተኛው ዓመት አልባ ናት ብዬ ወሰንኩና ለአራት ሰው በዚያ ስም ሰጠሁ። በሦስተኛው ዓመት ዋናው አበባ ካለቀ ከወራት በኋላ ሦስት አበባ አወጣች። አልባ እንዲህ አታደርግም። አራቱንም ሰዎች ደወልኩላቸው፤ አንዷ ግን ለሁለት ጓደኞቿ ሰጥታ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ለማን እንደሰጡ አይታወቅም። ያ የተሳሳተ ስም አሁንም የሆነ ግቢ ውስጥ ምልክት ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ እኔም አልመልሰውም።

ታማ ቢሆንስ?

ለብቻዋ አቆዩአትና እዩዋት። ቅጠሏ ላይ የተሰባበረ ቢጫ መስመር ካለ የሞዛይክ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ በዋነኛነት የሚተላለፈው አንዱን ተክል በሌላው ሥር ላይ በመቀጠል ስለሆነ ጎረቤቶቿ ቶሎ አይያዙም። ሰሜን አሜሪካ ላላችሁ ግን አደገኛው ሮዝ ሮዜት የተባለው በሽታ ነው። ከመጠን በላይ የበዛ ለስላሳ እሾህና ቀይ መጥረጊያ የመሰለ የቅርንጫፍ ጥቅል ካያችሁ፣ በዓይን በማይታይ ተባይ ስለሚዛመት፣ ብታሳዝንም ነቅላችሁ አስወግዷት።

ማባዛትና መስጠት ሕጋዊ ነው?

ለአሮጌዎቹ አዎ። የተክል ባለቤትነት መብት ጊዜ አለው፤ አሜሪካ ውስጥ ሕጉ የወጣው በ1930 ሲሆን የመጀመሪያዋ ባለመብት ‘ኒው ዶውን’ በ1931 ናት፤ የእሷም ካለቀ ቆይቷል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ወገኗን ለማወቅ ቢያንስ አንድ ሙሉ የአበባ ዓመት፣ በደንብ ለማለት ሦስት። ስሟን በትክክል ለማግኘት ልክ የለውም።

የእኔዋ አሁን “የጉድጓዱ” ትባላለች፣ የተገኘችው ከተደፈነ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ነበርና። አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬ ተውኩላት። ረጅምና ቀጭን ሆኖ ወጣ፣ የቅጠሏ ጀርባ ላይም ሲዳሰስ የሚለሰልስ ስስ ፀጉር አለ፤ ሁለተኛ ዙር ማበቧ ሲጨመር ነገሩ ከዳማስኮች ውስጥ ደጋግማ ወደምታብበው ወደ መጸው ዳማስክ ይወስደኛል። ዘንድሮ አንድ ወዳጄ ስሟ ከተረጋገጠ መጸው ዳማስክ ቁራጭ ልኮልኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ተክያቸዋለሁ። እንቡጥ ሲያወጡ ጢማቸውን እቆጥራለሁ።